ያዢልኝ

ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጁባ፣ ሙኑኪ

ዛሬ ከሥራ ታገድኩ። ነገሩን ሳልቀባባ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ኋላ ሰው እንደየስሜቱ ሲያወራው እኔም እንዳይምታታብኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ አለቃዬ አቶ በዕውቀቱ ቢሮው አስጠራኝ። (እዚህ ደብተር ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ አልለውም።) በሩን ዘጋ፣ ውሃ ቀዳልኝ፣ ስልኩን አዙሮ ፊቴ አስቀመጠው። ፎቶው ባለፈው ሐሙስ፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ወይዘሮ ሒሩት ግቢ የተነሣ ነው። እሳቸው የማኅበራችን የወሩ ተረኛ ነበሩ። መሐል ላይ ቄስ ስምኦን መስቀላቸውን ይዘው ሰው ያሳልማሉ። ከኋላ፣ የውሃ ታንከሩ ጥግ፣ እኔ ቆሜአለሁ። በቀኝ እጄ የሚጨስ ሲጋራ ይዣለሁ። አንድ ሥራ የፈታ ሰው ያንን ጥግ አጉልቶ፣ እጄ ላይ ቀይ ክብ አድርጎ፣ "የትንፋሽ ፕሮጀክት ባለሙያዋ ራሷ" ብሎ የሐበሻው ግሩፕ ላይ ለጥፎታል።

የትንፋሽ ፕሮጀክት የእኔ ሥራ ነው። ሰዎች ሲጋራ እንዲተዉ ማሳመን ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ። ሁለት ዲግሪ የያዝኩት ለዚህ ነው።

"ታጨሻለሽ?" አለኝ በዕውቀቱ።

"ባጨስስ?" አልኩት።

ይህ መልስ አይደለም አለ። ጥያቄውም ጥያቄ አይደለም አልኩ። እዚያው ፎቶ ላይ ሦስት ወንዶች በግልጽ እያጨሱ ነው፤ አንዱም ላይ ቀይ ክብ የለም። እሱ ራሱ ሐሙስ ሐሙስ ወንዙ ዳር ያለው ሆቴል ከእንግዶች ጋር ተቀምጦ ሲያጨስ መላው ቢሮ ያውቃል። ይህንንም ነገርኩት።  እስኪጣራ ድረስ ቤትሽ ቆዪ አለኝ፤ መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ሲጋራው የእኔ አይደለም። ይህን የጻፍኩት እዚህ ብቻ ነው።

ጥር 26

ለምን "የእኔ አይደለም" አላልኩም? ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ "የእኔ አይደለም" ካልኩ የእኔ ቢሆን ኖሮ ትክክል ናችሁ ማለቴ ነው። የሴት ሳንባ ከወንድ ሳንባ የተለየ ኃጢአት የለበትም። ጉዳቱ እኩል ነው፤ ነውሩ ግን ለእኛ ብቻ የተቆረጠ ልብስ ነው።

ሁለተኛውን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ጥር 28

ወንድሜ ጸጋአብ ስለ ፎቶው እስካሁን ምንም አላለም። ከሥራ ሲመጣ እጁን በቤንዚን ታጠበ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ቀጥሎ እራት በላን። የቢሮው ነገር እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ። እስኪጣራ ነው አልኩት። "ይጣራል፣ ማፊ ሙሽኪላ" አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ሲጨንቀው አረብኛ ይቀናዋል።

ጸጌ እለዋለሁ። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ጁባ ከገባ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሆቴሎችንና የድርጅቶችን ጀነሬተር ይጠግናል። እኔን ያስተማረኝም፣ እዚህ ያመጣኝም እሱ ነው።

ሲጋራው የጸጌ ነው።

ኮምቦልቻ እያለን፣ እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሱ አስራ ስድስት፣ ከጓሮ አጥር ሥር ተደብቆ ያጨስ ነበር። አባታችን መምህር ነው፤ ኮቴውን ከሩቅ እናውቀዋለን። ጸጌ ሳያየኝ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ "ያዢልኝ ማንዬ" ይላል፣ እኔ እቀበላለሁ። ልጅ ስለሆንኩ ማንም እጄን አያይም። አንድ ቀን አባባ እኔን ነው ቀድሞ የጠራኝ፤ ሲጋራውን እንደበራ ጨበጥኩት። መዳፌ ላይ ያለው ነጥብ ያኔ የቀረ ነው።

ያን ሐሙስም የሆነው ይኸው ነው። ቄስ ስምኦን ይዘገያሉ ተብሎ ነበር፤ ድንገት በሩን ከፍተው ገቡ። ሲጋራ ይዞ መስቀል የሚሳለም የለም፤ መሬት ላይ እንዳይጥለው የወይዘሮ ሒሩት ንጹሕ ግቢ ነው። እጁ ወደ ኋላ መጣ። እጄ ሄደ። "ያዢልኝ" እንኳ አላለም። እሱ ተሳለመ፣ እኔ ፎቶ ተነሣሁ።

ወይዘሮ ሒሩት ደግሞ በዚያች ሰከንድ አባን እያነሡ ነበር።

የካቲት 2

ሉብና መጣች። ከቢሮ የመጣልኝ ብቸኛ ሰው እሷ ናት። የጁባ ልጅ ናት ግን በጦርነቱ ጊዜ አዲስ አበባ ጎፋ ነው ያደገችው፤ ስትናደድ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ሁለት ሐብሐብ ይዛ፣ ከቦዳቦዳው ሞተር ወርዳ፣ ገና በሩ ላይ ሆና "አጫሿ አለች?" አለች። የግቢው ሰው ሁሉ ሰማ። ከታገድኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

እየበላን የጎረቤት ሬዲዮ ማስታወቂያችንን አሰማ። የእኛን፣ የትንፋሽን። የጸጌ ድምፅ ነው፤ እኔ በአማርኛ ጻፍኩት፣ እሱ በጁባ አረብኛ ተናገረው። "ስሜ ጸጋአብ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት አጨስኩ። አንድ ቀን ተውኩት። አልሞትኩም። ትንፋሼ ተመለሰ።" አምስት ዓረፍተ ነገር። ዓመቱን ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ተላልፏል። ቢሮው ባስጠናው ጥናት ላይ ሰዎች ከሁሉም መልእክት ያስታወሱት እሱን ነው። "አልሞትኩም" የምትለዋን የሚኒባስ ረዳቶች ሳይቀሩ ይሏታል።

ሉብና መብላቷን አቆመች። "የሱ ነው አይደል?" አለችኝ። ሲጋራውን ማለቷ ነው። ሐብሐቡን ቆረጥኩላት።

ለራሴ ግን ልጻፍ፦ ቅጂው ውሸት አይደለም። በተቀዳበት ቀን እውነት ነበር።

የካቲት 8፣ ቅበላ

ጸጌ ዛሬ ማታ ከጀነሬተሩ ጀርባ ተቀምጦ ሦስት ሲጋራ አከታትሎ አጨሰ። የቅበላ ሲጋራ ይለዋል። ሰው ሥጋውን ይሰናበታል፣ እሱ ይህን። ሦስተኛውን ሲጨርስ ፓኮውን አጣጥፎ ጣለና "ከነገ ጀምሮ ሰላም ትሆኛለሽ" አለኝ።

ሁልጊዜ ሁዳዴን እንደሚተው የማላውቅ መስሎት? አሁን አውቃለሁ። አምና ግን አላውቅም ነበር። ያኔ ጁባ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነበር። መጋቢት ላይ አንድ ቀን "ማጨስ ትተሃል እንዴ?" አልኩት፣ "ትቻለሁ" አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ስነግረው የከረምኩት ሁሉ የሰመረ መሰለኝ፤ ያሳመንኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። በሳምንቱ ስቱዲዮ ወሰድኩት። ለጾም ብቻ ያቋረጠውን ሰውዬ ከሱስ የዳነ ነው ብዬ ሬዲዮ ላይ አወጣሁት።

በፋሲካ ጠዋት፣ ዶሮው ሳይቀርብ፣ ከጀነሬተሩ ጀርባ ጭስ አየሁ።

ደከመኝ። ነገ ጾም ነው።

የካቲት 13

በዕውቀቱ ደወለ። ድምፁ ማር ነው። መንገድ አግኝቷል።

መንገዱ ይህ ነው፦ ስቱዲዮ እገባለሁ። "ስሜ ማንያህልሻል ነው። የጤና ባለሙያ ሆኜ በድብቅ አጨስ ነበር። ተያዝኩ። አፈርኩ። ተውኩት" እላለሁ። እሁድ ይተላለፋል፣ ሰኞ ሥራዬ ላይ ነኝ። "ውርደቱን ወደ ጉልበት እንቀይረዋለን፣ ይህን ጥበብ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ባለፈው ዓመት ሥልጠና ላይ፣ ስላይድ ሰባት፦ ሰው በቁጥር አይረታም፣ ወድቆ የተነሣ ሰው ሲያይ ይረታል።

"ያላጨስኩትን እንዴት እተዋለሁ?" አልኩት።

 "እና ሲጋራው የማን ነበር?" አለ።

ስልኩን ዘጋሁት። እስከ ፋሲካ ማግሥት አስቢበት ብሎ በጽሑፍ ላከ። ካልሆነ ኮንትራቴ ይቋረጣል።

የካቲት 14

አልቀዳም። አልቀዳም። ለማንም ብዬ አልዋሽም።

("አልዋሽም" ያልኩትን ጠዋት ደግሜ አነበብኩት።)

የካቲት 21

የወሩ ማኅበር ኮር ዊሊያም ሰፈር ነበር። ጸጌ ዛሬ ቅሪ አለ። በስንት ጉድ አጣጥቤ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። መደበቅ ብፈልግ ኖሮ ፎቶው ላይ እደበቅ ነበር።

ማንም አላባረረኝም። አላባረሩኝም ማለት ግን አይደለም። አግዳሚው ላይ ከጎኔ ያለው ቦታ እስከ መጨረሻው ባዶ ሆኖ ቀረ። ሽሮውን ሲያቀርቡ ከኩሽናው በር ሁለት ሴቶች ሰማሁ። አንዷ ድምፅዋ እኮ ሻክሯል አለች። ሌላዋ የሲጋራ ነው፣ ያሻክራል፣ የባለቤቴም ወንድም እንደዚያ ነበር አለች። የሻከረው በዚህ አቧራ ሳል ይዞኝ ነው። ጸጌም ያንኑ እየሰማ ነበር። ዳቦውን ቆረሰ። ቁራሹ ላይ ቆየ።

ተረኛ ሲቆጠር ከመጋቢቱ ቀጥሎ ሚያዝያ 21 የእኛ ቤት ነው። የሚያዝያውን ጽዋ ማን ይቀበላል ሲባል ጸጌ እጁን አነሣ። አቶ አለባቸው፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የእነ ጸጋአብ ተራ ቢሸጋሸግ አይሻልም ወይ አለ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረም። ወይዘሮ ሒሩት "ተራ ተራ ነው፣ አለባቸው" አሉ። እኔን አላዩኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያዩኝም፤ ዋናውን ፎቶ ግሩፑ ላይ የለጠፉት ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እሳቸውም እንደማውቅ አያውቁም። ስወጣ በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው "እኔ አባን ነው ያነሣሁት ልጄ" አሉኝ።

ማንም ባይመጣስ? ድግሱ ተሠርቶ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ሰው ባይመጣ ጸጌ ምን ይሆናል? ራሱን መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። የምጨነቀው ግን እኔ ነኝ።

መጋቢት 3

ሥራ ስለሌለኝ ሥራዬን ወንድሜ ላይ እሠራለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ሞከርኩ። ስንት ሰው፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ሳንባ። "እሺ" አለ። ሁሉንም እሺ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት የሳንባ ፎቶ አትሜ ጠረጴዛ ላይ ተውኩ፤ ሻዩን አስቀመጠበት፣ አሁን ጥቁሩ ሳንባ ላይ የብርጭቆ ክብ አለ። በሦስተኛው እማማን አነሣሁ፤ ቢሰሙ ብዬ። "አልሰሙም" አለ። ፍርሃት፣ ሐፍረት፣ ፍቅር። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሁሉ ጨረስኩ።

ግን አንድ ነገር አየሁ፣ ለማንም ሳልናገር። ከጾሙ በፊት የናፍጣውን ጀሪካን ከበር እስከ ጀነሬተሩ ሲያደርስ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ስልኩን የሚያይ መስሎ ይቆማል። ስልኩ አይበራም፤ ትንፋሹን ነው የሚጠብቀው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ዛሬ ሳይቆም አደረሰው። ጥቂት ቆይቶ ራሱም ገባው መሰለኝ፣ ዞሮ መንገዱን አየው።

ያኔ ጠየቅሁት። ይኸው ሃያ አምስት ቀን፣ ለምን ዝም ብለህ አትቀጥልም አልኩት።

እየሳቀ "ለጾም ነዋ የተውኩት" አለ። "ሃምሳ አምስት ቀን ሰው ምን ያቅተዋል? መጨረሻው ይታያል። መጨረሻ የሌለውን ነው የማልችለው ማንዬ።"

ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም መምህር አላስተማረኝም። ሉብናም ያንኑ ነው ያለችው፤ አጎቷ አብዱራሕማን ረመዳንን ሙሉ ቀኑን ሳያጨስ ይውላል፣ አዛን ሲል ከተምሩ በፊት ሲጋራው ነው። ፈጣሪን ለማክበር የሚችሉትን ለራሳቸው አይችሉትም። ወይም መቻላቸውን ማመን አይፈልጉም፤ ካመኑ ሰበብ አይኖራቸውማ።

እኔስ ምን ካመንኩ ሰበብ አይኖረኝም? ይህ ጥያቄ ያለ ቦታው የገባ ነው። አልፌዋለሁ።

መጋቢት 12

ሙቀት። መብራት የለም። በዕውቀቱ "አሰብሽበት?" ብሎ ጻፈ። አልመለስኩም። ማስታወቂያው ዛሬም ሦስት ጊዜ። አልሞትኩም፣ አልሞትኩም።

መጋቢት 20

ካስተም ገበያ ሄጄ ስመለስ ሉብና ጋ ጎራ አልኩ። ዒድ ካለፈ ወዲህ ገና አላየኋትም ነበር። ጸጌ ይናገራል ወይ አለችኝ። የሚያውቀውን ያውቃል፣ ልቡ ካለ ይናገራል አልኩ።

"ጠይቀሽዋል?"

አልጠየቅሁትም።

"ሰው ማሳመን ነው ሥራዬ ትያለሽ፣ አንድ ወንድምሽን ሁለት ወር ሙሉ 'ተናገር' አላልሽውም? በምልክት እንዲገባው ነው?" አለች። "እኔ ብሆን በመጀመሪያው ማታ በጫማ ነው የማሳምነው።"

ሳቅን። መንገዱን ሁሉ ግን ነከሰኝ። እውነት ነው፣ አልጠየቅሁትም። ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ውለታውን ልጠይቅበት አልፈልግም። ይህ ነው ምክንያቱ። ይህ ይበቃል።

መጋቢት 29

ዝናብ ጀመረ። መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ራክሻው (የእኛ ባጃጅ) ሙኑኪ ድረስ አልገባም ይላል። ጸጌ ትናንት ቆርቆሮውን ሊጠግን ጣራ ላይ ወጥቶ እዚያ ሆኖ ዘፈነ። ዘፈን መዝፈኑን ሳላውቅ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ።

አምስት ቀን ቀረው። ስድስተኛው ቀን ፋሲካ ነው።

ሚያዝያ 2፣ ስቅለት

ሰውነቴ ሁሉ ያመኛል፣ ቢሆንም ዛሬ መጻፍ አለብኝ።

ቀኑን በሙሉ ስንሰግድ ዋልን። ማታ ላይ ካህናቱ ወይራ ይዘው ቆሙ፤ ሰው እየቀረበ በወይራው ጀርባውን ይነካል፣ ጥፋቱን ይናገራል፣ ስግደት ይታዘዛል። እኔ ቄስ ስምኦን ጋ ነው የደረሰኝ። ምን አለብሽ አሉኝ። የተዘጋጀሁበት ነበር፤ ቁጣ አለብኝ ልል ነበር። አፌ "ውሸት" አለ። የምን ውሸት አላሉኝም። አርባ ስገጂ አሉኝ። ጸጌ ከእኔ ኋላ ነው። ሰምቷል።

ወደ ቤት በእግር ተመለስን። ከሱቆቹ አልፈን፣ ሰው ከሌለበት ስንደርስ፣ ያለ ምንም ጥበብ፣ ያለ መግቢያ ተናገርኩት።

"ጸጌ፣ ሲጋራው ያንተ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ለምን ዝም አልክ?"

 ጭቃው ላይ ሁለት ድንጋይ ተሻገረና እጁን ሰጠኝ፣ ተሻገርኩ። ሬዲዮው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ አለ። ገበያ ስሄድ በማስታወቂያው የሚያውቀኝ ሰው ያስቆመኛል፤ በአንተ ምክንያት ተውኩ ያለኝ አለ። የካቶር ሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ ተውኩ አለኝ፣ እጄን ሳመኝ፣ ኪሴ ውስጥ ፓኮ ነበር። ከዚያ ሰውዬ ፊት እንዴት እቆማለሁ አለ። ከዚያም ቆም አለ።

"አንቺስ? የአምናው ፋሲካ አይተሽኛል። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ዓመቱን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ? እኔን ልታድኚ ነው ጽሑፍሽን?"

ቤት እንደገባሁ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩና ጥር 26 ላይ "ሁለተኛውን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ" ያልኩትን አገኘሁት። ይኸው፦

ሁለተኛ፣ ሲጋራው የጸጌ ነው ካልኩ ቅጂው ይወድቃል። ቅጂው የሠራሁት ሁሉ ነው። የተመሰገንኩበት፣ ያሠለጠንኩበት፣ ስላይድ ሰባት። ተበድያለሁ፤ ይህ አይለወጥም። ግን በተበደልኩበት ጥላ ሥር ሌላ ነገር ደብቄ ነበር፤ ጥላው ሰፊ ነው፣ ያስደብቃል።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። ጸጌ ከጀነሬተሩ ጀርባ ሄደ። አልተከተልኩትም። ዶሮውን አሞቅሁ፣ ሳህኖቹን ደረደርኩ፣ መልሼ ደረደርኩ። ስወጣ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ያያል። ጭስ የለም። ከዚህ በፊት ጭስ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ አላውቅም። ብላ ብዬ ጠራሁት፣ መጣ።

ሚያዝያ 6

በዕውቀቱ "ቀኑ ደርሷል" ብሎ ጻፈ። እየመለስኩለት ነበር፤ ዛሬ ከሰዓት፣ ወይዘሮ ሒሩት ምግብ ቤት ተቀምጬ። ጠርተውኝ ነው የሄድኩት፤ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ፈልገው አቃታቸው፣ በምትኩ ሁለት ጊዜ ጥብስ አቀረቡልኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት የጤና ሰዓት አለ። ማስታወቂያችን ይተላለፋል፣ ከዚያ አድማጭ ይደውላል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮው ክፍት ነው፤ ግማሹ ሐበሻ፣ ግማሹ የአገሩ ሰው ይበላል። ማስታወቂያው አለቀ። "አልሞትኩም" ሲል አንዱ ጠረጴዛ አብሮ አለ። የመጀመሪያው ደዋይ ስሜ ጸጋአብ ነው አለ።

አቅራቢው ሳቀ፤ እንደ ማስታወቂያው ሰውዬ ማለት ነው አለው። "ሰውዬው ነኝ" አለ ጸጌ።

በጁባ አረብኛ ነው የተናገረው፤ እኔ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ። "የተናገርኩት ውሸት ሆኗል። ለጾም ነበር የተውኩት። ጾሙ ሲያልቅ ጀመርኩ። እናንተ 'አልሞትኩም' ስትሉ እኔ ጀሪካን ይዤ በር ላይ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። አንድ ፎቶ አይታችኋል፣ ያያችሁ ታውቃላችሁ። የያዘችው እህቴ ናት። ሲጋራው የእኔ ነው። ቄስ መጡብኝና ያዢልኝ ብዬ ሰጠኋት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እየሰጠኋት ነው የኖርኩት። እሷ አታጨስም። ብታጨስም የእናንተ ጉዳይ አይደለም።" ይህን የመጨረሻውን ከእኔ ነው የወሰደው። ቀጠለ። "ጾሙ ካለቀ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ትናንት ከባድ ነበር። ዛሬም ከባድ ነው። ነገን አላውቅም።"

 ዘፈን ከፈቱ።

እኔ ብሆን "ነገን አላውቅም"ን እሰርዛት ነበር። አድማጭ ተስፋ ይፈልጋል ብዬ፣ በቀይ። ግን "አልሞትኩም" እያለ ሲቀልድ የነበረው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ የጭነት መኪና ሾፌር መሰለኝ፣ ጆሮው ላይ የሰካትን ሲጋራ አውጥቶ አያት፣ መልሶ ሰካት። አልጣላትም። ግን ሳይለኩሳት ወጣ።

ወይዘሮ ሒሩት ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ሆነው በነጠላቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ስልካቸውን አውጥተው ግሩፑ ላይ በድምፅ ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፍም። አቶ አለባቸውን በስም ጠርተውታል።

ሚያዝያ 9

በዕውቀቱ ራሱ ቤት ድረስ መጣ፣ በቢሮው መኪና፣ ጫማውን ጭቃ በልቶት። ዕግዱ ተነሥቷል አለ። ጥሪው ሁሉ ቦታ እየተሰማ ነው፤ ጸጋአብን በደንብ እንቅዳው፣ ስክሪፕቱን አንቺ ጻፊው አለ። ነገሩን ቀድሞ ያቀደው እሱ ይመስል ነበር።

"ስክሪፕት የለውም" አልኩት። ከዚያ ትናንት የጻፍኩትን ደብዳቤ ሰጠሁት። አንድ ገጽ ናት። ያልሠራሁትን ሠራሽ ብላችሁ አግዳችሁኛል፣ ለዚህ ግሩፑ ላይ በስማችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ ይላል። ቀጥሎ፣ ቅጂው ከአምና ፋሲካ ጀምሮ እውነት እንዳልነበረ አውቅ ነበር፣ አልተናገርኩም፣ ለዚህ የምትወስኑትን እቀበላለሁ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ይህን ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀሽም እኮ፣ አውጪው አለኝ፤ በመጀመሪያው ብቻ ሥራሽ ይመለሳል። ድምፁ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ያዘነልኝ ይመስለኛል።

አላወጣሁትም። በሐሰት ሲያባርሩኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር። በእውነት ቢያባርሩኝም አንገቴ ያው ነው።

ሚያዝያ 16

ይቅርታው ተለጠፈ፣ አራት መስመር። ኮንትራቴ ግን አይታደስም፤ በሁለተኛው ምክንያት። ሉብና በስልክ ሰደበችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ አንድ ክሊኒክ የጤና አስተማሪ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ለቃለ መጠይቁ ነገ እሄዳለሁ። ለምን ከሥራ እንደወጣሁ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ማስታወቂያው ቆሟል። የሚኒባስ ረዳቶቹ አሁን "ነገን አላውቅም" ይላሉ።

ሚያዝያ 21

ዛሬ የእኛ ተራ ነበር።

ከአራት ሰዓት ጀምሮ ወንበር ስንደረድር፣ ጸጌ ስንት ሰው ይመጣል አላለም፣ እኔም አላልኩም። ሠላሳ ዳቦ ሠርተናል። ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሒሩት መጡና ሳይጠየቁ ኩሽና ገቡ። ቀጥሎ ሁለቱ የኩሽና በር ሴቶች መጡ፤ አንዷ "ድምፅሽ ተሻለው?" አለችኝ። አቧራው ቀንሷል አልኳት። አቶ አለባቸው መጨረሻ መጣ፣ ትልቅ ሳጥን ለስላሳ ተሸክሞ፣ የት ላስቀምጠው እያለ። ከጎኔ ካለው ባዶ ቦታ ሥር አስቀመጠውና ራሱም እዚያው ተቀመጠ።

ጸጌ አስራ ስምንተኛ ቀኑ ነው። እኔ አልቆጥርም፤ እሱ ነው የሚቆጥረው፣ ጀነሬተሩ ክዳን ላይ በጠመኔ። አንዷ መስመር ተሰርዛለች። አልጠየቅሁትም። ከተሰረዘችው ቀጥሎ ያለችው ረዘም ብላ ተሰምራለች።

ቄስ ስምኦን ይዘገያሉ ተብሎ ነበር። ድንገት በሩን ከፍተው ገቡ።

ጸጌ ከፊቴ ነበር። ቀኝ እጁ ሳያስበው ወደ ኋላ መጣ። የእኔም እጅ ሳላዝዘው ሄደ። መዳፉ ላይ ምንም የለም። ሁለታችንም ባዶውን አየነው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መሰለኝ፤ እየሳቀ ነው።

እጄን ለቀም አደረገና ወደ ፊት ሳበኝ። አብረን ተሳለምን።